ጓድ ደምሴ፣ የቡና ማሽኗና እኔ

ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት አይደለም፤ ጉልበቴ ነው። የቡና ማሽን ጠጋኝ ዕድሜውን የሚጨርሰው ባንኮኒ ሥር ተንበርክኮ ነው። አንድ ቀን እዚሁ አዳማ፣ አንድ ካፌ ውስጥ የማሽን ሆድ ስፈታ ቆየሁና ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሁለት አስተናጋጆች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። ለካ ቡና የሚጠብቁት ሰዎች የምጸልይ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ኖሯል። በዚያው ሙያዬን ተሰናበትኩ።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ይህን ሰምታ አዘነችልኝና የቤት ቡና ማሽን ገዝታ ላከችልኝ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ ነገር ናት። ትጫናታለህ፣ ታጉረመርማለች፣ ቡና ትሰጥሃለች፣ አለቀ። እኔ ከካርቶኗ እንዳወጣኋት ያደረግሁት ገልብጬ ብሎን መፈለግ ነበር። የለም! ዙሪያዋን ብዞር፣ መነጽር ባደርግ፣ ባትሪ ባበራ፣ አንድ ብሎን የላትም። ሰው እንዴት የማይፈታ ነገር ቤቱ ያስገባል? ደወልኩላት።

«አባዬ፣ እንድትጠጣባት እንጂ እንድትፈታት አይደለም የገዛሁልህ። ደግሞ ዋስትና አላት። ከተበላሸች እኔው ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለችኝ።

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደልኝም፤ ይህን የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ (ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት) ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ ቁጡ፣ ንጹሕ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ወደ አሰብ የሚወርደው፣ ከአሰላ የሚመጣው፣ ወደ ድሬዳዋ የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ ናዝሬት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ማኪያቶ ሳይጠጣ ስለማያልፍ፣ በከተማው ውስጥ ጣሊያን ሠራሽ ባለ እጀታ ማሽን የሌለው ቡና ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ መለዋወጫ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ መሐል የሚገባውን ላስቲክ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቆረጥን እንሠራው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ማኪያቶው ጎማ ጎማ ይላል። ሹፌሮቹ አንድም ቀን ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።

ጋሽ ሰይድ ሲሠሩ ደንብ ነበራቸው። አንደኛ፣ ባለቤቱ ካልወጣ ማሽኑን አይነኩም። «ባለቤት አጠገቤ ከቆመ እጄም ያፍራል፣ ማሽኑም ያፍራል» ይሉ ነበር። ባለቤቱ ሲወጣ ቢስሚላህ ብለው ይጀምራሉ፤ የፈቱትን ብሎን ሁሉ ቆርቆሮ ሳህን ላይ በተፈታበት ተራ ዙሪያውን ይደረድራሉ። ሳህኗን የነካ ወዮለት! ጨርሰው ሲገጥሙም የመጨረሻዋን ብሎን አያጠብቁም፤ መጀመሪያ ከማሽኑ አንድ ስኒ ቀድተው ይጠጣሉ፣ ካልጣማቸው እንደገና ይፈቱታል። ከሁሉም በፊት ግን፣ ገና ካቻቢቴ ሳያነሱ፣ ማሽኑ ከሚጠጣው ውሃ በመዳፋቸው ጨለፍ አድርገው ይቀምሳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸው ላይ ያንከባልሉትና እንትፍ ይላሉ።

ይህቺ ውሃ መቅመስ ነበረች ለእኔ የማትዋጥልኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ራሴን የዘመናዊ ቴክኒክ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። የሰው ሁሉ ገንዳ ውሃ መቅመስ ያስጠላኛል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው እኮ» እላቸዋለሁ።

«ውሃ ያው ውሃ ቢሆን ኖሮ፣ አንተ ጴንጤ፣ እኔና አንተ ሥራ ፈት ነበርን» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሲፈላ ነጭ ኖራ ይጥላል፤ ኖራው የማሽኑ ሆድ ውስጥ እየተጋገረ ድንጋይ ይሆንና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። እኛ ከከተማ ከተማ እየዞርን የምንኖረው ይህን ድንጋይ እየጠረግን ነው። ቡልቡላ ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ የአንዲት ቡና ቤት ባለቤት ማሽን ከፍተን ጣት የሚያህል ኖራ ስንፈነቅል ሴትዮዋ መጥታ አየችና ጮኸች። «ከማሽኔ ያወጣችሁትን ሁሉ አሁኑኑ መልሱ!» ኖራ ነው፣ ቆሻሻ ነው ብንላት ወይ ፍንክች! የማሽኗ አካል ነው ብላ ድርቅ አለች። ጋሽ ሰይድ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልለው አስረከቧት፤ መለዋወጫ ነው ብላ ቆልፋ አስቀመጠችው። ሁሩታ ደግሞ ከላይ ከደጋው የሚወርድ ለስላሳ ውሃ ስላለው ማሽኑ ዓመት ቢቆይ አይደፈንም። ጋሽ ሰይድ «የሁሩታ ሰው በረሃብ ይገድለኛል» እያሉ ያማርሩ ነበር። ክፍያው አንዳንዴ ብር ነው፣ አንዳንዴ የሽንኩርት ጆንያ ነው፤ እሱን ትቼ ወደ ዋናው ነገር ልሂድ።

በዚያ ዘመን ጴንጤ መሆን ቀልድ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጓል፣ እኛም የምንሰበሰበው በየሰው ቤት ነው፤ መዝሙር እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። ከመሐላችን የታሰረ ብዙ ነው። እናቴ ስለዚህ አንድ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አጣጥፋ በር አጠገብ አስቀምጣ ነበር፤ የመጡብኝ ቀን ይዤው እንድሄድ።

አንድ ቀን በቀትር ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በራችን ላይ ቆሙ። «ዳንኤል የሚባለው አንተ ነህ? ጓድ ደምሴ ይፈልጉሃል፣ ተነስ!»

ጓድ ደምሴን የማያውቅ አልነበረም፤ የፓርቲ ሰው ነው፣ እሱ «ይታሰር» ካለ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ እያለቀሰች ብርድ ልብሱን ደረቴ ላይ አስታቀፈችኝ። «ያ ኢልመ ኮ! ልጄ፣ እስር ቤት ይበርዳል!» በናዝሬት ፀሐይ! የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፌ፣ ላቤ ጠብ ጠብ እያለ፣ ግራና ቀኝ ጠመንጃ አጅቦኝ ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዷማ ደህና ሁን ብላ ሳመችኝ።

ስደርስ ጓድ ደምሴ በረንዳው ላይ ቆሟል። ከሲታ፣ ካኪ የለበሰ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን የቀላ፣ አንድ እጁን ከሆዱ የማያነሳ ሰው ነው። አሁን «እሱ» እያልኩ አወራለሁ፤ ያኔ በሕልሜም «እርስዎ» ነበር የምለው።

«የቡና ማሽኔ ተበላሽታለች» አለኝ።

አቤት! አስቀድመው ቢነግሩኝ ምናለ! መፍቻዎቼን ላመጣ ወደ ቤት ብመለስ እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝና ክው አለች። «አምልጠህ ነው? ግባ፣ ግባ፣ በጓሮ ውጣ!» ብላ ከኋላ እየገፋች በአጥር ልታዘልለኝ ነበር።

ማሽኗ የሚገርም ነገር ናት። ጓድ ደምሴ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ተምሮ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣት። ለአንድ ቤተሰብ የምትሆን፣ ነጭ ብረት፣ ቆንጆ። ብሎኖቿ ሳይቀሩ ሥርዓት አላቸው። ከፈትኳት፤ ሆዷ በኖራ ጢም ብሏል። ትንሽ ግር አለኝ፤ የናዝሬት የቧንቧ ውሃ ኖራ ባያጣም እንዲህ ቶሎ አይጋግርም። ግን ብዙም አላሰብኩበት። በሎሚና በአቼቶ ዘፍዝፌ፣ ፍቄ፣ አጥቤ ገጠምኳት። ጓድ ደምሴ ቀመሰና ግንባሩ ተፈታ። እኔም ብርድ ልብሴን ታቅፌ በሰላም ገባሁ።

ወር እንኳ ሳይሞላ ጠመንጃዎቹ መጡ። ማሽኗ ተደፍናለች። ጠረግኳት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ መጡ። ደግሞ ጠረግኳት። ማሞቂያ ሽቦዋን ለወጥኩ፣ ላስቲኳን ለወጥኩ፣ መሰኪያዋን ሳይቀር ለወጥኩ። ያልለወጥኩት ጓድ ደምሴን ብቻ ነው። ውሃውን ግን አልቀመስኩም፤ ኩራቴ የት ሄዶ! ጋሽ ሰይድ ደግሞ ለሐዘን ወሎ ሄደው ነበር፣ የሚያስገድደኝ የለም።

በሦስተኛው ጊዜ ጓድ ደምሴ እጁን ወደኋላ አድርጎ እየተንጎራደደ እንዲህ አለኝ፤ «ይህች ማሽን የወንድም ሕዝብ እጅ የሠራት ናት። እዚያ ሳለሁ እንደሷ ያለች በየቤቱ አለች፣ አንዷም ስትበላሽ አላየሁም። እዚህ ሲሆን የምትበላሸው ለምንድነው? አሻጥር ነው።»

ያን ዘመን ያየ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ስኳር ከጠፋ አሻጥር ነው፣ ትራክተር ከቆመ አሻጥር ነው። አሻጥር ካለ ደግሞ አሻጥረኛ መኖሩ ግድ ነው። ማሽኗን የሚነካው እኔ ብቻ ነኝ።

ይባስ ብሎ እንግዶች መጡ። ከዚያችው ማሽኗ ከተሠራችበት አገር፣ በመልካሳ በኩል እርሻ ሊጎበኙ። ጓድ ደምሴ በገዛ አገራቸው ማሽን ቡና ላጠጣቸው ብሎ ቤቱ ጋበዛቸው፤ እኔም የአጎቴን ኮት ለብሼ ማሽኗ አጠገብ እንድቆም ታዘዝኩ። ሳሎኑ ውስጥ ከማሽኗ ፊት ለፊት የሦስቱ ጺማሞች ሥዕል ተሰቅሏል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰቀሉት፣ የምታውቋቸው። እንግዶቹ ተቀመጡ። የጓድ ደምሴ ሚስት እትዬ አስካለ፣ ዝምተኛ፣ መልከ መልካም ሴት፣ ስኒ ደረደረች። እኔ ማሽኗን አበራሁ።

መጀመሪያ አጉረመረመች። ከዚያ ዝም አለች። የማሽን ዝምታ ደስ አይልም። ቀዳዳዋ በኖራ ተደፍኖ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ኖሯል፤ ላጠፋት እጄን ስዘረጋ ጧ! ቡና የያዘው እጀታ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ዝቃጩ ግድግዳውን መታ። በእግዚአብሔር ቸርነት የተቃጠለ ሰው የለም። ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ። የሁለቱ ጺም ሰፊ ስለሆነ ብዙም አያስታውቅም። ሦስተኛው ግን ራሰ በራ ነው፤ ዝቃጩ መላጣው ላይ ነው ያረፈበት፣ ቀስ እያለም ወደ ዓይኑ ይወርዳል።

የእንግዶቹ አለቃ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ብዙ አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ቡናው ጠንካራ ነው ይላሉ» አለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጓድ ደምሴ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ሰኞ ጠዋት የማሽኗን ጠላት አግኝተህ ታቀርብልኛለህ። ካላቀረብክ ጠላቷ አንተ ነህ። ስላንተ ደግሞ ሌላም የምሰማው ነገር አለ» አለኝ።

ሌላው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቤት ገብቼ ብርድ ልብሱን አየሁት። የዚህ ጊዜስ ለቀልድ አይደለም አልኩ። አለቀልኝ! እናቴን ማን ያይልኛል እያልኩ እህል ሳልቀምስ ዋልኩ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጋሽ ሰይድ እሑድ ከወሎ ገቡ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ውሃውን ቀምሰሃል?»

አልቀመስኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ሳህናቸውን አንስተው በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ከስድብ የከፋ ውልወላ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን፤ እሳቸው ሳህናቸውን፣ እኔ ብርድ ልብሴን ይዤ። ጓድ ደምሴ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ጠበቀን። ጋሽ ሰይድ ሰላምታ ሰጡና፣ «ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለቤት እያየኝ አልሠራም» አሉት።

ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። ሰውየውን ከገዛ ሳሎኑ የሚያስወጣ ማን አለ? ጓድ ደምሴ ግን አያቸው፣ ሳህኗን አየ፣ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ፓፓያው ሥር ቆመ። ጋሽ ሰይድ ከማሽኗ ማጠራቀሚያ ጨለፍ አድርገው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንትፍ አሉ። ደግሞ ቀመሱ።

«ይኼ ከቧንቧ የመጣ አይደለም። የቡልቡላም አይደለም፣ የዝዋይም አይደለም። ሶደሬም አይደል» አሉና ዞር ብለው በር ላይ የቆመችውን እትዬ አስካለን አዩዋት። «ልጄ፣ ይህን ውሃ ከየት ነው የምታመጪው?»

እትዬ አስካለ በሩን ዘጋችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጠበል ነው» አለች።

ወይ ጉድ! ከአልጋው ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን ጎትታ አወጣች። ከሁሩታ ወደ ሸለቆው ሲወረድ፣ ጓድ ደምሴ ከተወለደበት ሰፈር፣ ከተራራ ሥር ፍል ሆኖ የሚወጣ ጠበል ነው። አማቷ በአውቶቡስ ይልኩላታል።

«ከውጭ አገር ከተመለሰ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም» አለች እያለቀሰች። «ጨጓራው ያቃጥለዋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ያላየው ሐኪም የለም። ጠበል ሞክር ስለው ኋላ ቀር አትሁኚ ይለኛል። ደግሞ ሲጠጣ ቢታይ ሥራውንም ራሱንም ያጣል። እኔ ምን ላድርግ? ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ በቡናው አድርጌ እሰጠዋለሁ። ደግሞ ተሽሎታል! ያንኮራፋል እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋል!»

ስለ ማንኮራፋት እንዲህ ደስ ብሏት የምታወራ ሚስት አይቼ አላውቅም። ለጨጓራ በባዶ ሆድ ቡና! ሐኪም ቢሰማ ራሱ ይታመማል። እኔ ግን ሌላ ጭንቅ ውስጥ ነበርኩ። እውነቱን ብናገር ይህች ሴት አለቀላት፣ ምናልባት እሱም። ዝም ብል ደግሞ የማሽኗ ጠላት እኔ ነኝ። ጓድ ደምሴ በመስኮት በኩል ይታየኛል፣ ሰዓቱን ያያል።

አስቡት እንግዲህ። እኔ ጴንጤ፣ ጋሽ ሰይድ ሙስሊም፣ እሷ ኦርቶዶክስ፣ ግድግዳው ላይ ሦስቱ ጺማሞች፣ መሐላችን ደግሞ አንድ ጀሪካን ጠበል።

ጋሽ ሰይድ የጀሪካኑን ክዳን መልሰው ገጠሙና፣ «ማሽኗ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድስት ላይ አፍልተሽ እስኪረጋ አስቀምጪው። ኖራው ድስቱ ላይ ይቀራል፣ ከላይ ያለውን በነጠላ አጥልለሽ ትጨምሪያለሽ» አሏት።

እትዬ አስካለ ተጨነቀች። «ሲፈላ ኃይሉን አያጣም እንዴ?»

«ማሽኗ ውስጥስ ይፈላ የለ?» አልኩ እኔ።

«እዚያ ውስጥ አላየውማ!» አለችኝ ተቆጥታ።

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ ልጄ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እኔ የማውቀው ኖራውን ነው።»

ጀሪካኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ማሽኗ ተጠረገች፣ ጓድ ደምሴ ተጠራ።

«እሺ፣ ጠላቱ ተገኘ?» አለ።

«ተገኝቷል» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ውሃው ነው።»

እትዬ አስካለ የስኒውን ሰሃን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«የትኛው ውሃ?»

«የእኛ አገር ውሃ ነዋ ጓድ። ከዚህ ከስምጥ ሸለቆ መሬት የሚወጣ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማሽኗ የተሠራችበት አገር ውሃ ለስላሳ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም። እየፈላ፣ እየጠለለ ይግባላት።»

ውሸት አልተናገሩም፤ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ጓድ ደምሴ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሚስቱን ደግሞ ቆየት አድርጎ አያት። «መሬት አይታሰርም» አለና እንድንሄድ በእጁ ምልክት ሰጠን። መንገድ ላይ ጋሽ ሰይድ ሳቃቸው መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ አልሳቅኩም። ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ጥዬ እንባዬን አወረድኩት።

ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጓድ ደምሴ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ካኪ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሸሚዝ ለብሶ፣ ማሽኗን በዘንቢል አንጠልጥሎ ሱቃችን ከች አለ። ጋሽ ሰይድ ጓዳ ውስጥ ይሰግዳሉ። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ምን ሆነች ጓድ?»

«አልተበላሸችም» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

«አንተ ሰው፣ አልተበላሸችም እኮ ነው የምልህ! ይኸው ስንት ጊዜዋ! በል ፍታትና እይልኝ።»

ግራ ገባኝ። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አልተበላሸም ብሎ አቤት ያለ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። ለዚያን ጊዜስ ትምህርቴን ወስጄ ነበር፤ በመጀመሪያ ከማጠራቀሚያዋ ጨለፍ አድርጌ ቀመስኩ። ከዚያ ፈታኋት። ሆዷ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ያበራል። ጓድ ደምሴ አንገቱን አስግጎ አየ፣ ፊቱ ጭልም አለ።

«ኖራ የለም?»

«የለም።»

«ትንሽም?»

«ምንም የለም ጓድ። ውሃው የቧንቧ ነው።»

የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። እጁ ወደ ሆዱ ሄደ። «ትታዋለች ማለት ነው» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ያውቁ ነበር?»

«ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ውሃ አፍ ላይ ነው። ታምሜ እናቴ ያልነከረችኝ ቀን አልነበረም። ከመጀመሪያዋ ስኒ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ አሻጥር፣ ያ ሁሉ ጠላት...»

«መድኃኒቴ በየወሩ ሲስተጓጎልብኝ ምን ልበል? በዚያ ላይ እንግዶቹ ፊት!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማወቄን ካወቀች መከልከል አለብኝ፣ ሥራዬ ነው። ካላወቅሁ ግን ቡና ነው የምጠጣው። ይኸው አሁን ፈራች፣ ተወችው፣ እኔም ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። እንዳልነገርኩህ አድርገህ አንድ ነገር በላት እባክህ።»

እባክህ አለኝ! ያ ጓድ ደምሴ። አንጀቴን በላው።

«እሺ ጓድ» አልኩት።

ሊወጣ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ለመሆኑ ሲፈላ ኃይሉን ያጣል እንዴ?»

«እኔን አይጠይቁኝ ጓድ፣ እኔ እኮ...»

«ጴንጤ ነህ። አውቃለሁ። በናዝሬት ቀትር ብርድ ልብስ ታቅፎ የሚመጣ ሌላ ማን አለ?» ብሎ ማሽኗን በዘንቢል አንጠልጥሎ ሄደ።

በማግሥቱ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ማሽኗ የቧንቧው ውሃ አልተስማማትም። የድሮው ይሻላታል። ማፍላቱም ይቅር። ኖራውን እኔ በየጊዜው እየመጣሁ እጠርጋለሁ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። «እሱ ነው የላከህ?»

«ማን?» አልኳት።

ሳቀች። ዝምተኛዋ ሴት እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር እስኪዛወሩ ድረስ ማሽኗ በደንብ ትደፈን ነበር፣ እኔም ያለ ጠመንጃ እየሄድኩ እጠርግ ነበር። ጓድ ደምሴ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ፣ «ተበላሸች?» ይለኛል። «በጣም ተበላሽታለች ጓድ» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። የእናቴም ብርድ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋ ላይ ተነጠፈ።

ጋሽ ሰይድ አሁን የሉም፣ አላህ ይዘንላቸው። ሳህናቸው እኔ ቤት አለች፤ የምትደረድረው ብሎን አጥታ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣለች።

ትናንት ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ማሽኗ እንዴት ናት?»

«አልተበላሸችም» አልኳት።

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!» ብላ ሥራ አለብኝ፣ ሰሞኑን መምጣት አልችልም አለችና ዘጋች።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ ወደ ቡልቡላ ለሚሄድ ሹፌር ከዚያ ኖራማ ውሃ ሞልቶ እንዲያመጣልኝ አንድ ባዶ ጀሪካን ሰጠሁት።